የልጄን ሳይክል ተስዬ

በአባት ፋንታ ላሳደግከኝ፣ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፣ ለወንድም ጋሼ በዛብህ፤ ድሬዳዋ።

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ከሐዲድ ሥራ ያተረፍከው የወገብ ሕመም በሙቀት ይሻለኛል ብለኸኝ ነበር፤ ድሬ ሞቃለች ወይስ እናንተንም ብርዱ ደረሰባችሁ? ስኳርህን በየጊዜው ትለካለህ ወይስ ሚስትህ ወርቅውሃ ካልተቆጣችህ አትለካም? እሷስ ዓይኗን ከታከመች ወዲህ ማየቱ እንዴት ሆነላት፣ መርፌ ማስገባት ጀመረች? ልጆቹስ? የእኔን ጤና ከጠየቅከኝ ደህና ነኝ፤ ደህንነት ማለት ቆሞ መሄድ ከሆነ። እንቅልፍ ግን ከተለየኝ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ቤታችንን ታውቀዋለህ፣ አንድ ክፍል በመጋረጃ ከፍለን ነው የምንኖረው፤ እኔ የማወራውን ሁሉ ልጄ ጄሪ ትሰማለች። አንተም ብትሆን፣ አትቆጣኝና፣ ስልክ ስታነሣ ድምፁን ለቀህ ለሰፈሩ ሁሉ ነው የምታሰማው። ደግሞ ይሄን ነገር በአፌ ልናገረው ስል እንባዬ ይቀድመኛል። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ያስተማርከኝ ለዚህ ቀን ይሆናል። የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው፣ መጨረሻው ላይ አደርሰዋለሁ፤ ከሥሩ ካልነገርኩህ ግን ነገሩ አይገባህም።

ሳይክሉን የላክላት አንተ ነህ። ባሌን ሰይፈሥላሴን ያ ገልባጭ መኪና ቃሊቲ አስፋልቱ ላይ ከነሳይክሉ ከቀማኝ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ከጅቡቲ የመጣ ጥሩ ዕቃ ነው ብለህ ፈታተህ በካርቶን ስትልክልን፣ ደውዬ የተናገርኩህን አልረሳሁትም። አንተ ወንድም አይደለህም ብዬህ ነበር። አስጨርሰኸኝ፣ አንቺ መሰለች፣ ልጅቷ አባቷ ከሞተ ወዲህ ስንት ቃል ተናገረች አልከኝ። እውነትህን ነበር። ከልብስ ፋብሪካው ትመጣለች፣ የሰጠኋትን ትበላለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛለች። ስልኩን ስጫት አልክና፣ አስፋልት እንዳትረግጪ፣ በድሮው ሐዲድ ጎን ጎን ኮረኮንቹን ይዘሽ ውጪ፣ እዚያ መኪና አይገባም፣ እኔ በእግሬ ስሄድበት የኖርኩት መንገድ ነው ብለህ መከርካት። የአባቴ አጥንት ይውጋኝ አስብለህ አስማልካት።

መሐላዋን አላፈረሰችም። ከቤታችን ጀርባ ሐዲዱ ላይ ትወጣለች፣ በጤፉ ማሳ መሐል አድርጋ ወደ ወንዙ ትወርዳለች። በአንድ ዓመት ውስጥ ከአቃቂ የሚወጣውን፣ መኪና የማይገባበትን ኮረኮንች ሁሉ በደብተር ጻፈችው። የቱ ጋ ድልድዩ እንደተሰበረ፣ የማን ውሻ ሰው እንደሚያባርር፣ ክረምት ላይ የቱ ጭቃ ጎማ እንደሚውጥ። ከዚያ ከቦሌና ከሳሪስ ሳይክለኞች እሑድ እሑድ እየመጡ፣ ጄሪ ምሪን ይሏት ጀመር። ባንክ የሚሠራ አለ፣ ሐኪም አለ፣ አንዳንዴም ፈረንጅ አይጠፋም። ፋብሪካውን ተወች፣ መንገድ መምራት እንጀራዋ ሆነ። እኔም ደጄ ላይ ሻይና ቆሎ አቀርብላቸዋለሁ። ያን ጥብቅ ያለ ቁምጣቸውን መጀመሪያ ያየን ቀን፣ ጎረቤቴ ሐጀራ ባለሱቋ፣ እነዚህ ናቸው ሀብታም የምትያቸው፣ ጨርቅ እንኳ አልበቃቸውም አለችኝና እኔና እሷ በሳቅ ሞትን። ወንድም ጋሼ፣ ያኔ ጄሪም ሳቀች። ሳቋን በአባቷ ቀብር የቀበርኩት መስሎኝ ነበር።

ኅዳር ሲገባ ከወንዙ ማዶ የድንጋይ ካባ ተከፈተ። ገልባጮቹ አቋራጭ ነው ብለው ያንን ኮረኮንች ያዙት። ይህን የነገረኝ ጉዲሳ ነው፣ ወተት በአህያ የሚያመጣልን ገበሬ። ሃዳ ጄሪ ነው የሚለኝ፣ የጄሪ እናት ማለቱ ነው። ሃዳ ጄሪ፣ ያ መንገድ ከእንግዲህ የልጅ መንገድ አይደለም፣ አህያዬ እንኳ ፈርታ ቦይ ውስጥ ገባች አለኝ። ለጄሪ ነገርኳት። እማ፣ ጡሩንባቸውን ስሰማ ዳር እይዛለሁ አለችኝ። አባቷም ዳር ይዞ ነበር።

የኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት ወጣች፤ ለምሳ እመጣለሁ ብላ። ምሳ አለፈ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ አሥር ሆነ፣ ስልኳ አይሠራም። ነጠላዬን አጣፍቼ በእግሬ ሐዲዱን ይዤ ወጣሁ። ኮረኮንቹ ላይ የገልባጭ ጎማ ያረሰው ትልቅ ፈር አለ። ከፈሩ ውስጥ ሰማያዊዋን የውሃ ኮዳዋን አገኘሁ፤ ጠፍጥፎ እንደ ቆርኪ አድርጓታል። እዚያው አቧራው ላይ ተንበረከክሁ። የቁልቢው ገብርኤል፣ ሦስቱን ልጆች ከእሳት ያወጣህ፣ ልጄን ብቻ በእግሯ መልስልኝ፣ ሳይክሏን ደጅህ ድረስ አመጣልሃለሁ አልኩ። በግ የለኝ፣ ወርቅ የለኝ፣ አፌ ያገኘው እሱን ነበር። ለአንተ ካልዋሸሁ ደግሞ፣ ልቤ ያንን ሳይክል ከቤት የሚያወጣበት ሰበብ ሲፈልግ ኖሯል።

ቤት ስመለስ በሩ ላይ ተቀምጣ እግሯን ትታጠባለች። ጎማው ፈንድቶባት፣ ገልባጮቹን ሽሽት በእርሻው መሐል እየገፋች፣ በጉዲሳ ቤት በኩል ዞራ፣ ሚስቱ እርጎ አጠጥታት ነው የመጣችው። ኮዳዋ የወደቀው ጠዋት ስትሄድ ነው። እማ፣ ምን ሆነሽ ነው አፈር የመሰልሽው አለችኝ። ምንም፣ አደናቀፈኝ አልኳት።

ገብርኤል የለመንኩትን አደረገ፣ እኔ ተያዝኩ። ማክሰኞ የንስሐ አባቴን ሄጄ ጠየቅኋቸው። የሰው ንብረት አይሳሉም፣ ባለቤቷ ፈቅዳ ካልሰጠች ስጦታ አይሆንም፣ ሂጂና ንገሪያት አሉኝ። ለእሳቸው ቀላል ነው። ምን ብዬ እነግራታለሁ? አፏን የከፈተላትን፣ እንጀራ የሆናትን ነገር ሳልጠይቅሽ ሰጠሁብሽ ልበላት? ዝም እንዳልል ደግሞ፣ ስለቱን ሳላደርስ ብቀር፣ ሳይክሉን ትቶ ልጅቷን ቢወስዳትስ? ይቺን ለቄሱም አልተናገርኳት። ለአንተ ብቻ ናት።

ከዚያ ያደረግኩትን ስነግርህ እንዳትንቀኝ። በማግስቱ ረቡዕ እሷ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ የፊቱን ጎማ ፈታሁና ሐጀራ ሱቅ፣ ከሳሙናው ካርቶን ጀርባ ደበቅሁት። ከዚያ ተቀምጬ ሌባ ገባ ብዬ ጮህኩ። ጎረቤት ተሰብስቦ አጽናናኝ። ሐጀራ ብቻ አላጽናናችኝም። ሁሉም ሲሄድ፣ መሲ፣ እኔ የደበቅሁት ጎማውን አይደለም፣ ሌባዋን ነው፣ ይሄ ነገር ሱቄን ከበደው አለችኝ። ጄሪ ግን ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ተቀምጬ ሌባውን ስረግም ሰምታ፣ ተዪው እማ፣ ቸግሮት ይሆናል፣ አትርገሚው አለችኝ። የዛን ቀን ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሳይክል ካጣች ቤት ትቀመጣለች ብዬ ነበር የገመትኩት። በእግሯ ጀመረችው። ካባውን የሚዞር፣ ገልባጭ የማይደርስበት ሌላ ኮረኮንች ካላገኘሁ የእሑድ ሰዎቼን የት እወስዳቸዋለሁ ብላ፣ ደብተሯን ይዛ ጠዋት ትወጣለች፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትመለሳለች። ተረከዟ ውሃ ቋጥሮ ፈነዳ። ባለፈው ዓርብ ጉዲሳ መጣና እንዲህ አለኝ፤ ገልባጭ ሲመጣ ከአፈሩ ቁልል ጋር ተለጥፋ አየኋት፣ አቧራው ዋጣት፣ እስኪገፈፍ ድረስ መኖሯን አላወቅሁም አለኝ። ወንድም ጋሼ፣ በሳይክል ብትሆን እኮ ፈጥና ታመልጥ ነበር። ማምለጫዋን የሰረቅሁባት እኔ ነኝ።

ሽሮውን ምድጃ ላይ ትቼ ሐጀራ ጋ ሮጥኩ። ጎማውን በቀን ብርሃን፣ ሰው እያየኝ፣ በትከሻዬ ተሸክሜ መጣሁ። ጄሪ ስትመለስ በሩ ላይ አጋድሜው ጠበቅኋት። ሁሉንም ነገርኳት፣ ኮዳውንም፣ ስለቱንም፣ ሳሙናውንም። ጎማውን አነሣችና በጣቷ አሽከረከረችው፣ ተጣሞ እንደሆን አየች። ያ የድሮው ዝምታ ተመለሰ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ጎማውን አስቀምጣ፣ ለእኔ ነው የተሳልሽው፣ እኔው አደርሰዋለሁ አለችኝ። እሺ፣ ከቁልቢ ተጓዦች ጋር አውቶቡስ ላይ ይጫንልሻል ስላት፣ አይ፣ የሳይክል ስለት በመኪና አይሄድም አለች። ከሐዲዱ ጎን ጎን ኮረኮንቹን ይዤ እስከ ድሬ እወርዳለሁ፣ ከአጎቴ ጋር ቁልቢ እወጣለሁ፣ ለገብርኤል አስረክቤ በአውቶቡስ እመለሳለሁ። አስፋልት አልረግጥም፣ አጎቴን ጠይቂው፣ መንገዱን እሱ ያውቀዋል አለችኝ። እንጀራሽስ ብላት፣ ደብተሩ አለኝ፣ ሳይክል ሰው ያበድረኛል አለች። ታኅሣሥ ስምንት ልትነሣ ቆርጣለች። ስንቄን ቆሎ አድርጊልኝ ብላኛለች፣ ጾም ስለሆነ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። ያ ሐዲድ ከአቃቂ እስከ አንተ ደጅ ድረስ መኪና የማይገባበት ነው ወይ? ሞጆን አልፎ፣ አዋሽን፣ ያንን ሁሉ በረሃ፣ ሰው የሚያድርበት ቤት አለው? ውሃስ? ትላንት ይህን ደብዳቤ ስጀምር፣ የለም በልልኝ፣ መንገዱ ተቆርጧል በላት ብዬ ልለምንህ ነበር። አንተን ታምንሃለች፣ እኔን ከእንግዲህ እንጃ። አንዱን ወረቀት እንደዚያ ብዬ ጽፌ ቀደድኩት። ውሸቴ የት እንዳደረሳት አይቻለሁ፣ ካሁን በኋላ ለእኔ ብለህም እንዳትዋሽላት። መንገዱ ከሌለ የለም በላት። ካለም አለ በላት፣ ግን እባክህ፣ በእናታችን ይሁንብህ፣ አዋሽ ድረስ መጥተህ ጠብቃት። ጉልበትህ እንደማይችል አውቃለሁ። ከአንተ በቀር ማን አለኝ? ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ፀሐዩ ነው፣ የድሬ አውቶቡስ ላይ ረዳት ሆኖ የሚሠራው። ሐሙስ ይመለሳል፣ መልስህን በእሱ እጅ ስጠኝ፤ ሁለት ቃልም ትበቃኛለች።

ወርቅውሃን ዓይኗን ሳምልኝ፤ ስለ እኔ ሻማ ታብራልኝ። ልጅህን ሉቃስን ጎበዝ በልልኝ፣ ሥራ መያዙን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ትንሿን ሚራክልን ጉንጯን ሳምልኝ፣ የላኩላት ሹራብ ካጠረባት እጅጌውን እቀጥልላታለሁ። ጎረቤታችሁ እትዬ አደሴ እጃቸው መንቀጥቀጡን ተወላቸው? ጉልበታቸውን ሳምልኝ፣ በጸሎታቸው ያስቡን። ሐጀራ እጅግ አድርጋ ሰላም ብላሃለች፤ ሱቄ ቀለለው በይልኝ ብላኛለች።

ከጄሪ ሰላምታ አልጨምርልህም፣ መጻፌን አታውቅም። ይህን ስጽፍ ውጭ ሆና ጎማውን እየነፋች ነው፤ የፓምፑ ድምፅ ይሰማኛል።

እህትህ መሰለች
አቃቂ፣ ኅዳር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.