የፎንትሬል ሲኒማ ዝምታ ጠባቂ፦ የሙሴ ኤሚልየን ሮሾ የሕይወት ታሪክ

ሙሴ ኤሚልየን ሮሾ ከአባታቸው ከአናጺው ሙሴ ኦኔዚም ሮሾና ከእናታቸው ከማዳም ክሌማንስ ቫሴል፣ በፈረንሳይ አገር በፎንትሬል መንደር መጋቢት 12 ቀን 1941 እ.ኤ.አ. ተወለዱ። ሲወለዱ ጎረቤት እስኪሰማ አልቅሰው ከዚያ ወዲያ ድምፃቸውን እንደቆጠቡ እናታቸው ይናገሩ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚሁ መንደር ተምረው በ1955 ወደ ኤሌክትሪክ ሙያ ገቡ። በ1964 ከልብስ ሰፊዋ ከማዳም ዣኒን ጋር ጋብቻ መሥርተው ኦዲልንና ብሪስን ወልደው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

በ1967 የመንደሩ ሰው ተሰባስቦ አሮጌውን የእህል መጋዘን ሲኒማ ቤት ሲያደርገው መብራቱን የዘረጉት፣ ከዚያም ለአርባ ዓመታት ያለ ክፍያ ፊልም ያሳዩት ሙሴ ኤሚልየን ናቸው። ዓርብ ዓርብ ፊልም ነበር። በየወሩ መጨረሻ ደግሞ የባህል ምሽት ይደረጋል፤ አኮርዲዮኑ፣ ግጥሙ፣ የመንደሩ ዘፋኞች፣ ከየቤቱ የሚመጣው የሽንኩርት ሾርባና አይብ። ወንበር የሚደረድሩትም የሚያነሡትም እሳቸው ነበሩ። ይህች መንደር ብርዱን ሳትኮራረፍ የምታልፈው በዚያ አዳራሽ ምክንያት ነው ብንል አላጋነንም።

ታዲያ አንድ ሕግ ነበራቸው። ፊልም ተጀምሮ ሹክሹክታ ከሰሙ ማሽኑን ያቆማሉ፣ መብራት ያበራሉ፣ ተናጋሪውን ያስወጣሉ። ቄሱንም ሳይቀር አስወጥተዋል። በ1979 ፀጉር ሠሪዋን ማዳም ኤርሚንን «ወሬዎን ይዘው ይውጡልኝ!» ቢሏቸው፣ ማዳም ኤርሚን በሩ ላይ ዞር ብለው «ከእርስዎ ፊልም የእኔ ወሬ ይሻላል!» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሙሴ ኤሚልየን ግን ከዚያ በኋላ ፀጉራቸውን ለመቆረጥ ሌላ ከተማ ይሄዱ ነበር።

በ2008 በግላኮማ ሕመም የሁለቱም ዓይኖቻቸው ብርሃን ጠፋ። ሥራውን ለልጃቸው ለብሪስ አስረክበው ቤት ዋሉ፤ ሲኒማውንም የባህል ምሽቱንም ተዉ። ማዳም ዣኒን «ኧረ ተነሥ፣ ፊልሙን እኔ እነግርሃለሁ» ሲሏቸው፣ «እዚያ ማንሾካሾክ ክልክል ነው። የከለከልኩት እኔ ነኝ፤ ለራሴ ሲሆን አልፈቅድም» ይሉ ነበር። ምግቡም ጨዋታውም አስጠላቸው። በቁማቸው እንዳናጣቸው ፈርተን ነበር።

አንድ ዓርብ ማዳም ኤርሚን በራቸውን አንኳኩ።

«ይነሡ ሙሴ ኤሚልየን፣ ፊልሙን እኔ አወራልዎታለሁ።»

«ያስወጡናል።»

«ማን ነው የሚያስወጣን? አስወጪው እኮ እዚህ ተጎልተዋል!»

ሙሴ ኤሚልየን ሳቁ፤ ካፖርታቸውንም አምጡልኝ አሉ። ከዚያ ምሽት ጀምሮ ማዳም ኤርሚን አጠገባቸው ተቀምጠው ፊልሙን ያወሩላቸው ነበር። ማንሾካሾክ የሚባል ነገር ስለማይችሉበት አዳራሹ በሙሉ ይሰማቸዋል። አንድም ሰው «ዝም በሉ» ብሎ አያውቅም፤ ለዚህም የፎንትሬልን ሕዝብ ከልብ እናመሰግናለን። በባህል ምሽቱም ሙሴ ኤሚልየን ሾርባው ጨው በዝቶበታል ማለት ጀመሩ፤ ያን ጊዜ እንደዳኑልን አወቅን።

ማዳም ኤርሚን ግን ሰው ሞተ ብለው ማውራት አይሆንላቸውም። አዳራሹ እያለቀሰ፣ «ተጋቡ ሙሴ ኤሚልየን፣ አሁን ሠርጉ ላይ ናቸው» ይላሉ። ወደ ቤት ሲመለሱ ሙሴ ኤሚልየን አብረዋቸው ያዩትን ባለቤታቸውን ይጠይቃሉ።

«ሞተች አይደል?»

«ሞተች።»

«ለኤርሚን እንዳትነግሪያት።»

ባለፈው መስከረም የሳንባ ሕመም ጸንቶባቸው ሆስፒታል ገቡ። ማዳም ኤርሚን ዓርብ ያዩትን ፊልም ቅዳሜ አልጋቸው አጠገብ ያወሩላቸው ነበር። የመጨረሻው ፊልም ስለ አንድ የታመመ ዓሣ አጥማጅ ነበር።

«መጨረሻውስ?» አሉ ሙሴ ኤሚልየን።

«ድኖ ቤቱ ገባ።»

«እሰይ!» ብለው የማዳም ኤርሚንን እጅ ሳሙ።

ሙሴ ኤሚልየን በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 18 ቀን 2019 በተወለዱ በ77 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን ማዳም ዣኒንን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልን ሄደዋል።

ማዳም ኤርሚን፣ አደራቸውን ዛሬ በፊትዎ አፈረስን፤ ይቅር ይበሉን። ሙሴ ኤሚልየን የፊልሙን መጨረሻ ሁልጊዜ ያውቁ ነበር። እያወቁም የእርስዎን መጨረሻ ለመስማት ዓርብ እስኪደርስ ይቸኩሉ ነበር። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ዓይን በሚበራበት ስፍራ ያሳርፍ፤ ለእርስዎም ዕድሜ ይስጥልን።