በ# የጀመረችው መስመር

ፔይሻን፣

ሩዙ ማብሰያው ውስጥ ነው። የቆሻሻ መኪናው ሙዚቃ ሲሰማሽ ቆሻሻውን ይዘሽ ሮጠሽ ውረጂ፤ ከእንግዲህ የሚወርድልሽ የለም።

የኮምፒውተር ፕሮግራማችንን ትእዛዝ በምንጽፍበት ጥቁር መስኮት ስናስገባ ማሽኑ እንደልማዱ «ምን ሠራችሁ?» ብሎ የመጻፊያ ገጽ ከፈተ። አለቃችን የሚያነበው እሱን ብቻ ነው። ከኋላሽ ቆሜ «ግማሹን የሠራችው ዩንሩ ናት» ብለሽ ስትጽፊ አየሁና ዓይኔ እንባ አቀረረ። ስሜን ሳይ ከመስመሩ ፊት ያስቀመጥሻትን # አላየኋትም። በ# የሚጀምርን መስመር ማሽኑ ገጹ ሲዘጋ እንደሚጥለው ያስተማርኩሽ ደግሞ እኔው ነኝ።

ዛሬ አለቃችን በሰው ፊት አንቺን አመስግኖ ሲያበቃ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንቺስ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለኝ።
አንቺ ሻይሽን ፉት አልሽ።
በኋላ ደረጃው ላይ፣ «ውይ እህቴ፣ እኔ እኮ ጽፌልሽ ነበር፤ ማሽኑ በላው!» አልሽኝ።

ማሽን ያጎረሱትን ነው የሚበላው።

የቤቱ ውል በእኔ ስም ነበር፤ አፍርሼዋለሁ። አከራይዋ ነገ ጠዋት ቁልፉን ልትቀበልሽ ትመጣለች። እንዳታለቅሺባት፣ አትወድም።

መቼም አብረን ኖረናልና ይቅርታም ጽፌልሻለሁ፦

# ፔይሻን፣ ቤት አልባ ስላደረግኩሽ ይቅር በይኝ።

ዩንሩ