የመንደሩን ሁሉ ልክ ያውቁ የነበሩት የእትዬ ልኬ የሕይወት ታሪክ

በመንደራችን እትዬ ልኬ እየተባሉ የሚጠሩት ልብስ ሰፊ ሴት፣ ታንኳ ቀዛፊ ከነበሩት አባታቸውና ሸክላ ሠሪ ከነበሩት እናታቸው ጥር 12 ቀን 1942 ዓ.ም. ከወንዙ ማዶ ባለችው ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአባታቸው ታንኳ እየተሻገሩ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። ወንዙ በሞላ ቁጥር ከትምህርት ይቀሩ ስለነበር፣ “ግማሹን ትምህርቴን ውኃ ወሰደው” እያሉ ይቀልዱ ነበር።

በ1957 ዓ.ም. ወደ ቅርቡ ከተማ ወርደው ከአንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ለአራት ዓመት ሙያውን ተማሩ። አሮጌ የስፌት መኪና ይዘው ሲመለሱ የመንደሩ ሰው ከአውራ መንገዱ እስከ ቤታቸው ድረስ ተቀባብሎ ተሸከመላቸው። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ “ልክህን እወቅ የተባለ ሁሉ እኔ ዘንድ ይምጣ” ይሉ ነበርና፣ እትዬ ልኬ የሚለው ስም በዚያው ቀረ።

በ1963 ዓ.ም. ከግንበኛው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። ባለቤታቸው ከኮረብታው ሥር ቤት ሠሩ፤ ለስፌት ብርሃን እንዲያገኙም መስኮቱን ሰፋ አደረጉላቸው።

በሐምሌ 1977 ዓ.ም. ለአምስት ቀን ያላባራ ዝናብ ጣለ። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ጎረቤታቸው የአናጢው ባለቤት ምጥ ይዟቸው ሰው ላኩባቸው። እትዬ ልኬ የትንሿን ልጃቸውን ፀጉር እየጎነጎኑ ነበር። “ስመለስ እጨርስልሻለሁ” ብለው፣ ግማሹን ጎንጉነው ግማሹን ትተው ሄዱ። ሕፃኗ በሰላም ተወለደች። እትዬ ልኬ እጃቸውን በመታጠብ ላይ ሳሉ ኮረብታው በቤታቸው ላይ ተናደ።

ከሁሉም ቀድመው የደረሱት አናጢው ነበሩ። መንደሩ በአካፋ፣ አካፋ ያጣ በድስት ክዳን፣ እሱንም ያጣ በጥፍሩ ሦስት ቀን ሙሉ ቆፈረ። ባለቤታቸውና ሁለቱ ልጆቻቸው የተገኙት በሦስተኛው ቀን ነው። ትልቋ የአሥራ አንድ፣ ትንሿ የሰባት ዓመት ልጆች ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ያላደረገላቸው ነገር የለም። አናጢው ከራሳቸው ጓሮ ቆርሰው ቤት ሠሩላቸው፤ ከጭቃው የወጣውን የስፌት መኪናም ብሎን በብሎን ፈትተው፣ አጥበውና ዘይት ቀብተው መለሱላቸው። የመንደሩ ሴቶች ተራ ገብተው አንድ ዓመት ሙሉ አብረዋቸው አደሩ። እሳቸው ግን፣ “ሰው አልጎደለብኝም፤ የጎደሉብኝ ሦስት ናቸው” ይሉ ነበር።

እዚህ ላይ ቤተሰቡ ሊሸሽገው ያልወደደው ነገር አለ። በዚያው ዓመት የአናጢው ባለቤት ሕፃኗን ታቅፈው ሊያጽናኗቸው ሲመጡ፣ እትዬ ልኬ ልጅቷን አየት አድርገው፣ “ባትጠሪኝ ኖሮ አብሬያቸው ነበርኩ” አሏቸው። የአናጢው ባለቤት ሕፃኗን እንደታቀፉ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በማግስቱ ጠዋት ውኃ ቀድተው መጡ። ከዚያች ጠዋት ጀምሮ፣ ለሠላሳ ሦስት ዓመት፣ አንድም ቀን አልቀሩም።

ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የእትዬ ልኬ ዓይን ደከመ፤ ውሎ አድሮም ጨለመ። መንደሩ ግን ጨርቅ ማምጣቱን አላቆመም። በደጃቸው የሚያልፍ ሁሉ ጎራ እያለ በመርፌያቸው ክር ያስገባላቸው ነበር። የአናጢው ባለቤትም የተጣመመውን ስፌት በስውር ወደ ቤታቸው እየወሰዱ፣ ተርትረው በእጃቸው እንደገና ይሰፉት ነበር። አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ መምህር ሳይታረም ያመለጠ፣ አንዱ እጅጌው ከሌላው የሚረዝም ሸሚዝ ለብሰው ሊጠይቋቸው መጡ። እትዬ ልኬ ጨርቁን ዳሰስ አድርገው፣ “እንዴት ነው፣ ልክ ሆነ?” ሲሏቸው፣ መምህሩ፣ “አብሮኝ የተወለደ ነው የሚመስለው!” አሉ። ያን ሸሚዝ እስኪያልቅ ለበሱት።

ባለፈው ጥቅምት የልብ ሕመም ጸናባቸው። ጎረቤቶቻቸው በቃሬዛ ተሸክመው፣ የሁለት ሰዓቱን መንገድ በእግር እየተጓዙ፣ አራት ጊዜ ጤና ጣቢያ አደረሷቸው። በአራተኛው ሐኪሙ የሚሰጠው ነገር እንደሌለ ተናገረ። በዚያው ሰሞን እትዬ ልኬ የእህታቸውን ልጅ ከአልጋቸው አጠገብ አስቀምጠው ስለ አናጢው ባለቤት እንዲህ አሏት፦

“ስፌቴን እየተረተረች እንደምትሰፋው አውቃለሁ፤ የራሴን ቋጠሮ ጣቴ አያጣውም። ከወለደችኝ በላይ ሆናልኛለች። ያን ቀን ያልኳትን መመለስ ስንት ጊዜ ፈለግሁ፤ አፌ ላይ ይደርስና ውሸት ይሆንብኛል። ዛሬም አብሬያቸው በሆንኩ እላለሁ። ስሞት ንገሪያት፣ ልጄ። የጠላሁት መትረፌን ነው፤ እሷን አንድም ቀን አልጠላኋትም።”

መጋቢት 9 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠዋት፣ በተወለዱ በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ በአናጢው ባለቤት እቅፍ ውስጥ እንዳሉ ዐረፉ። የአናጢው ባለቤት አንድ ቃል ይሰሙ እንደሆነ ጆሯቸውን እስከ አፋቸው አስጠግተው ነበር፤ እትዬ ልኬ ግን ሳይናገሩ ሄዱ። የእህታቸው ልጅ የተቀበለችውን አደራ ዛሬ፣ ሁላችሁም በተሰበሰባችሁበት፣ በዚህ ጽሑፍ አድርሳለች።

ጎረቤቶቻቸው ሆይ፣ ያጎደላችሁት የለም፤ አልበቃም እንጂ። ያ ጠዋት ከእናንተ እጅ በላይ ነበር።

እትዬ ልኬን የሚያለቅሱላቸው አንዲት ታናሽ እህታቸው፣ የእህታቸው ልጅ፣ አናጢው፣ የአናጢው ባለቤትና ልጃቸው ናቸው። ፈጣሪ ነፍሳቸውን የናፈቋቸው ዘንድ ያድርስልን። ነገ ጠዋት ውኃ ቀድተው የሚሄዱበት ደጅ ለሌላቸው ለአናጢው ባለቤትም ብርታቱን ይስጥልን። አሜን።