የፉሪ አውቶብስ የቀትር ጉዞ

ረቡዕ፣ ኅዳር 3 (ከሥራ መልስ)

ዛሬም ከመካኒሳ እስከ መ/ቤት ቆሜ ሄድኩ። የአውቶብስ መሥመር የማወጣው እኔ፣ መቀመጫ የማጣውም እኔ! ደክሞኛል ማስታወሻዬ። አለቃዬ አቶ ግርማ የፉሪን አውቶብስ ልናነሳ ነው አሉ። ኮረኮንቹ መንገድ ከሥሩ ያለውን ሞላ፣ ባሌስትራውን፣ እየሰበረ አስቸግሯል። ሳሪስ ደግሞ ከቀትር በኋላ ፈረቃ ሲለወጥ የፋብሪካው ሠራተኛ በር ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚሄደው። ለሁለቱም ያለን አንድ አውቶብስ። ፉሪ አንድ ቀን ልቆጥር፣ ተሳፋሪው በቂ ከሆነ ይቆያል ተባባልን። ዓርብ አልኩ፣ እንዲያው አፌ ላይ እንደመጣልኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ጢም ብሎ ሞላ! በየጉዞው! ልጨፍር ምንም አልቀረኝ። መጨረሻ ላይ ሹፌሩ ጋሽ ታደሰ ሳቁብኝ። ልጄ፣ ዛሬ እኮ አቦ ነው፣ ይሄ ሁሉ ነጠላ ለባሽ ከፉሪ መካኒሳ አቦ ሊሳለም የመጣ ነው አሉኝ። ወይ ጉዴ! የሰፈሬን ታቦት ቀን እረሳ? ዝም ብለሽ ቁጥሩን አስገቢ፣ ማን ያውቅብሻል አሉ። እውነቱን ልንገርሽ ማስታወሻዬ፣ ልቤ እሺ ብሏል።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ቅዳሴ ቆሜ ስለ አውቶብስ ሳስብ አለቀ። በውሸት ቁጥር ፉሪን ባተርፍ፣ የሳሪሶቹ ተንጠልጥለው ይቅሩ ማለቴ ነው። አንዱ ቢወድቅስ? ኤጭ! ነገ ደግሜ እቆጥራለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ጠዋትና ማታ ደህና ነው። ቀትር ላይ ግን ዘጠኝ ሰው ብቻ። አንዷ ወ/ሮ ጫልቱ፣ የፉሪ ወተት ሻጭ። ጠዋት ወተቷን ይዛ ትመጣለች፣ በቀትሩ አውቶብስ ተመልሳ ሕፃኗን ታጠባለች። በእግር ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። ጡቷ ሞልቶ ቀሚሷን አርሶታል፣ በነጠላዋ ሸፈነችው። ምን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ። ሰው እየቆጠርኩ ነው አልኳት። ጎሽ እህቴ፣ ቁጠሪን፣ እንዳይረሱን አለች። ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ሁለቱንም ቆጠራ ለአቶ ግርማ ሰጠሁ፣ የአቦንም ነገር ሳልደብቅ። ጠዋትና ማታ ለፉሪ፣ የቀትሩ ለሳሪስ ፈረቃ ይሁን አልኩ። ተስማሙ። በርቺ አሉኝ። በርቺ! የቀትሩን ጉዞ በገዛ እስክሪብቶዬ ሰረዝኩት። ከሰኞ ጀምሮ የለም። ልክ ነው፣ አውቃለሁ፤ ስንት ሠራተኛ ይገላገላል። ግን ያ ሕፃን እስከ ማታ ሊያለቅስ ነው።

ማስታወቂያ ይለጠፋል። ጫልቱ ማንበብ አትችልም። ወረቀት ለጥፎ መሸሽማ አይሆንም። ነገ ጠዋት ከሥራ በፊት እሷ የምትወርድበት ፌርማታ ላይ ቆሜ፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ፣ የሰረዝኩት እኔ ነኝ ብዬ እነግራታለሁ።