ተራራው ሲቀለው

ሚያዝያ 9 ቀን፣ እሑድ ከሰዓት

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ልጅሽ ፌንጣ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው፣ ስትስቅ ቁርጥ እናትሽን ሆናለች፤ ነፍሷን ይማርና።

ሳላስደነግጥሽ ልጽፍ ነበር፤ አልሆነልኝም። ፈርቻለሁ ልጄ።

ተራራችንን ብታዪው አታውቂውም። አናቱ ላይ የነበረው የበረዶ ግግር ሳስቶ ጥቁሩ ድንጋይ ወጥቷል። መሣሪያ ልትተክል የመጣችው፣ እኛ «የተራራ ሐኪም» የምንላት ሴት፣ እኔ የምሠራበት የውኃ በር ክፍል ቁጭ ብላ አስረዳችኝ።

«አባቴ፣ ግግሩ ከሥር ያለውን እሳት በክብደቱ ተጭኖት ነበር። ሲቀልጥ ጫናው ይቀላል፤ እሳቱም ሊነቃ ይችላል።»

«መቼ?»

«ምናልባት ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ፤ ምናልባትም ጨርሶ ላይሆን ይችላል። ግን ትንሽ ፍንዳታ እንኳ ብትሆን የቀረውን በረዶ ባንዴ አቅልጣ ጭቃና ቋጥኝ በወንዙ ታወርዳለች።»

«እንግዲያ ያኔ ጡረታ ወጥቻለሁ!» ብላት ሳቀች። ካለፈው ወር ወዲህ ግን ወንዙ ለብ ብሏል፤ የገማ እንቁላል ይሸታል። እሷም መሳቅ ትታለች።

ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ሳይረኑን የማስጮኸው እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። ከዚያ የመጠጥ ውኃው እንዳይበከል በሩን በእጄ ዘግቼ ነው ዳገቱን የምወጣው። ሐሙስ ልምምድ አደረግን። ተማሪው ሁሉ ከመምህሩ ጋር ዳገቱን ወጣ። እኔ የበሩን መዘውር ሳሽከረክር ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ፌንጣ ናት፤ አንድ ጫማዋን ጥላ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች።

«ማን ውረጂ አለሽ?»

«ጉልበትህን ያምህ የለ? ልደግፍህ ነዋ! ቶሎ በል አባባ!»

ቤት ገብተን «ዳግመኛ አልወርድም በይ» ብላት «አንተ ቀድመህ ከወጣህ» አለችኝ። ግትርነቱን ከማን እንደወረሰች አልነግርሽም።

ስጸልይ ራሴን ጠየቅሁ። እዚህ የማቆያት ለእሷ ብዬ ነው ወይስ ባዶ ቤት ፈርቼ? መልሱን ሳውቀው አፈርኩ። ሥራውን ልልቀቅ እንዳልል ደግሞ እስካሁን የሚተካኝ አልተገኘም፤ ወንዙ ዳር የሚኖረውም የሰው ልጅ ነው።

ስለዚህ «ኑሮዬ እስኪደላደል» ያልሽው ይቅርና ነይ ውሰጃት። እኔ እዚህ እስካለሁ፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ እሷ ትወርዳለች።

ስትመጪ «አባባ ሥራ ትቶ ዳገቱ ላይ ቤት ተከራይቷል» በያት። ይህን ካልሰማች አትሄድልሽም። ለዚህች ቃል እግዚአብሔር እኔን ይጠይቀኝ።

መንገድሽን ያቅናልሽ። ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ።

አባትሽ