ለሰማይ የተቆረጠ ገመድ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ሦስተኛው ይረዝማል። ሰባተኛውም። ሁለት ጊዜ ለካሁ፤ አሁንም ይረዝማል።

እናቴ "ኅዳር ሳይታጠን ይህን ገመድ ከቤቴ አውጪልኝ፤ አለዚያ ከቆሻሻው ጋር አቃጥለዋለሁ" ባትለኝ ኖሮ ግቢ ውስጥ አልዘረጋውም ነበር። አማኑኤል ሠፈር ግቢ ማለት እንግዲህ የጎረቤት ልብስ ማስጫ ማለት ነው። በአንሶላዎቹ ሥር ስምንቱን ጎን ለጎን አስተኛኋቸው። ጫፋቸው እኩል አይደርስም።

እኩል መሆን ነበረባቸው! ስምንት አንቴና፣ ስምንት ገመድ፣ እያንዳንዱ ሠላሳ ሜትር። ከሰማይ የመጣው የሬዲዮ ሞገድ በሁሉም ገመድ ውስጥ እኩል መጓዝ አለበት። አንዱ ከረዘመ በዚያ የሚመጣው ይዘገያል፤ ምስሉ ይበላሻል። የእኛም ተበላሽቷል። ከከተማ ውጪ፣ ሸለቆ ውስጥ ዓመት ሙሉ ያዳመጥነው የፈነዳ ኮከብ ቅሪት አንድ ነጥብ መሆን ሲገባው ሁለት ሆኖ ወጣ። መሬቱ ለሌላ ሥራ ተወሰደ፤ እንደገና ማዳመጥ የለም።

እኔ ደግሞ ጥፋቱ የቴክኒሻኑ የታደሰ ነው ብዬ ለትምህርት ክፍል ኃላፊያችን ደብዳቤ ጻፍኩ። የገመዱን ጫፍ በደንብ አልበየደም አልኩ። የሥራ ውሉን ሳያድሱለት ቀሩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዱባይ ተራ ሄድኩ፣ ገመዱን ወደ ገዛሁባቸው ወደ እትዬ ዘይነባ ሱቅ። እዚያ ያለው ቻርጀር፣ አምፖል፣ ድምፅ ማጉያ ሁሉ የሚረጨው ሞገድ ለአንቴና መርዝ ነው። ሸለቆ የገባነውም ከዚህ ሁሉ ጫጫታ ለመሸሽ ነበር። ለካ ጉዴን ከዚሁ ጠቅልዬ ይዤ ሄጃለሁ።

"እትዬ፣ ሠላሳ ሠላሳ ሜትር አልነበረም እንዴ የቆረጡልኝ?"

"አዎና! ምራቂውን ረሳሽው? ለአንዱ ክንድ፣ ለአንዱ ሁለት ክንድ ለቀቅ አደረግኩልሽ። መጨረሻ ላይ ጥቅሉ እያለቀ ሲመጣ ተውኩት። ለሰማይ ጥናት ነው ስትዪኝ ጊዜ ሆዴ ባባ፤ አላህ ይቁጠርልኝ ብዬ ነው ልጄ።"

ምን ይባላል? አመሰግናለሁ አልኩ።

የባሰው መንገድ ላይ ትዝ አለኝ። "ይመርቁልኝ እንጂ!" ብዬ የተከራከርኩት እኔው ነኝ። ዶክተሯ! ልክ ሽንኩርት ስገዛ እንደማደርገው። ሳይመረቅልኝ ከሱቅ ከወጣሁ የተበላሁ ይመስለኛል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ሁሉንም ለካሁ።
ሁለቱ ልክ ሠላሳ ሜትር።
ሦስቱ በክንድ ይረዝማሉ።
ሁለቱ በሁለት ክንድ።
አንዱ በስንዝር፤ እትዬ በምን ሒሳብ እንደሆነ እንጃ።

ትርፉን ካወቅኩ መዘግየቱን አስልቼ ማረም እችላለሁ። ደስ ሊለኝ ሲል ሌላ ጣጣ መጣ። የትኛው ገመድ የትኛው አንቴና ላይ ነበር? ታደሰ ጫፋቸው ላይ ባለቀለም ክር አስሯል፤ የቀለሞቹ ዝርዝር ግን ያለው እሱ ደብተር ላይ ብቻ ነው። ሁሉንም ቅደም ተከተል እየሞከርኩ የሚያምረውን ምስል መምረጥ እችላለሁ። ያንንማ ጠንቋይም ያደርገዋል።

ስልኬን አውጥቼ ስሙን አየሁት። መደወል አቃተኝ። ፈሪ ነኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ታደሰ አሁን ዲሽ ይሰቅላል። ሰው ጠይቄ ሸማ ተራ አንድ ሕንፃ ጣራ ላይ አገኘሁት። ስድስት ፎቅ በእግሬ ወጥቼ ሳለከልክ አየኝ።

"ደህና ነዎት ዶክተር?" አለኝ።

አንቱ! ዓመት ሙሉ ከአንድ ፌስታል ቆሎ የቆረጠምን ሰዎች። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁሉንም ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲጨርስ "እንለካቸው ብዬዎት ነበር እኮ፣ መጀመሪያው ሳምንት ላይ። ሱቅ ተለክቶ ነው የመጣው፣ ጊዜ አታባክን አሉኝ" አለ። እውነቱን ነው። ረስቼው ነበር፤ ወይም መርሳቱ ተመችቶኝ ነበር።

ደብተሩን ከመሣሪያ ቦርሳው አወጣ። ገጹን ፎቶ አነሳሁ። ምን ላድርግልህ አልኩት።

"ያንን ደብዳቤ ያስነሱልኝ። ሥራ በጠየቅኩበት ሁሉ ቀድሞኝ ይደርሳል።"

ሌላ ምንም አልጠየቀም። ወደ ዲሹ ተመለሰ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሠፈሩ ሁሉ ቆሻሻ እያቃጠለ ነው፤ ዓይኔ ይቆጠቁጣል። ገመዶቹ አልጋዬ ሥር ናቸው። እናቴን በልመና አሸነፍኳት።

ሠራ! በደብተሩ መሠረት አረምኩት፤ ሁለቱ ነጥቦች አንድ ሆኑ። ዓመቱ ውኃ አልበላውም። ብቻዬን እየሳቅኩ ግቢውን ዞርኩ።

ከዚያ ለክፍል ኃላፊው ጻፍኩ፦ ምስሉ ተስተካክሏል፣ ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ የታደሰ ደብዳቤ ከፋይሉ ይውጣ። መልሱ በአሥር ደቂቃ ደረሰ። "እንኳን ደስ ያለሽ። ምስሉን ዛሬውኑ ላኪልኝ። የታደሰን ጉዳይ ግን አትቀስቅሺው፤ የእኔም ፊርማ አለበት። ያለቀ ነገር ነው።"

ለእሱ አልቋል። ለእኔም ሊያልቅ ትንሽ ነበር የቀረው፤ ምስሉን አያይዤ፣ ጣቴ ከመላኪያው ላይ ደርሶ ነበር። ስሜ ከፊት የሚጻፍበት የመጀመሪያ ሥራዬ ነው፤ እንዴት አልጓጓ? አጠፋሁትና ሌላ ጻፍኩ፦ "ደብዳቤው ሳይነሳ ምስሉ ከእጄ አይወጣም።"

ከላክሁ ሦስት ሰዓት አለፈ። መልስ የለም። ሊያባርረኝም ይችላል፤ እኔም ታደሰን ያባረርኩት በአንድ ገጽ ነው።

ቅድም ታደሰ ደውሎ ነበር። አላነሳሁም። ደብዳቤው መነሳቱን ሳላውቅ ምን እለዋለሁ?