የቀዩ ጨርቅ ጀሪካን፦ የጋሽ ልኩ የሕይወት ታሪክ

ያን ቀን ቀዩን ጨርቅ ያሰርኩት በየትኛው ጀሪካን ላይ ነበር? ባለቤቴ ከታመሙ ጀምሮ ራሴን ስጠይቅ ሰነበትኩ። ልጆቼ የአባታቸውን ታሪክ እንድጽፍ ወረቀት ሲሰጡኝ ቀድሞ የመጣልኝም ይኸው ነው። ይቅር በሉኝ፣ ወደ ወጉ ልመለስ።

ደንበኞቻቸው «ጋሽ ልኩ» የሚሏቸው ባለቤቴ፣ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ጥር 9 ቀን 1939 ዓ.ም. ሐይቁ ዳር ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ጀልባ ማደሻ ተቀጠሩ፤ ሥራቸው ለሞተሩ እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ መጥረግ ነበር። በ1961 ዓ.ም. የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። ጋራዥ ሲባል አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት በርሜልና የሚያፈስ ጣሪያ ማለት ነው። በ1964 ዓ.ም. እኔን አገቡ፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ሰጠን። ጣሪያውን ግን እስከ መጨረሻው አላስጠገኑትም።

የሚጠግኑት ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚቃጠልባቸውን የድሮ የጀልባ ሞተሮች ነበር። «ለሁሉም አንድ ልክ የለም» ይሉ ነበር። ባለ ኳስ ኩሽኔታ ለሌላቸው፣ ቦኮላ በሚሉት የነሐስ ቀለበት ብቻ ለሚዞሩት አሮጌዎች፣ ለሃያ አራት ሊትር ቤንዚን አንድ ሊትር ዘይት፤ ለአዳዲሶቹ ለሃምሳ ሊትር አንድ። ዘይቱም ለጀልባ ሞተር የተሠራው እንጂ የመኪና አይሆንም። ዘይት ሲበዛ ያጨሳል፣ ካንዴላ ያቆሽሻል፤ ሲያንስ ግን ሞተሩን ያደርቀዋል። አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ «ጋሽ ልኩ፣ ይሄ ሞተር እንደ እርስዎ አጫሽ ነው» ቢላቸው፣ «እኔ ትቻለሁ፤ እሱ ግን ከተወ ይሞታል» ብለው አሳቁን።

ድብልቁን የሚያስቀምጡት አንድ ዓይነት በሆኑ ሁለት ጀሪካኖች ነበር። ዘይት በበዛበት፣ ለአሮጌዎቹ በሚሆነው ጀሪካን እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ፣ በሌላው ላይ ነጭ ያስራሉ። እኔ ደግሞ ቆሻሻ ማየት አልችልም። ጨርቆቹ ጠቁረው ቢያስጠሉኝ ፈትቼ አጠብኳቸው፤ ሲደርቁ መልሼ አሰርኳቸው። እሳቸው ጋደም ብለው ነበርና ከእንቅልፋቸው አልቀሰቅሳቸውም ብዬ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ።

በማግስቱ፣ ግንቦት 28 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ጀልባ ነጂዋ የልጄ ልጅ ቀይ ጨርቅ ካለበት ጀሪካን ቀድታ፣ ከአያቷ ጋር አንድ አሮጌ ሞተር ሊሞክሩ ወጡ። ሐይቁ መሃል ሞተሩ ዘይት አንሶት ፒስተኑ ደርቆ ተጣበቀ። ዝናብ ያዛቸው። ሁለት ሰዓት ቀዝፋ ስታወጣቸው ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር። የሳንባ ምች አደረባቸው።

ታመው ሳሉ አንድ ቀን፣ «ከየትኛው ነው የቀዳሽው፣ ልጄ?» አሏት።

«ከቀዩ፣ አባባ። በአንተ ሞት፣ ከቀዩ ነው።»

እሳቸው ቀና ብለው እኔን አዩኝ። እኔም ሾርባው ቀዝቅዟል ብዬ ሳህኑን ይዤ ወጣሁ። ሰኔ 11 ቀን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በተወለዱ በሰባ ሰባት ዓመታቸው አረፉ።

አሁን በየጥጉ «ልጅቷ ናት ያሳሳተችው» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሷም አምናለች መሰለኝ፣ እህል አልቀመሰችም። ስለዚህ በእናንተ፣ ልታስተዛዝኑን በመጣችሁት ፊት ይነበብልኝ፦ ልጅቷ ያስተማሯትን ነው ያደረገችው። ጨርቁን ፈትቼ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ልታሙ ከፈለጋችሁ እኔን እሙ፤ እሷን ተዉልኝ።

ጋሽ ልኩ ከእኔ ከባለቤታቸው ሌላ ሁለት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆች ትተው አልፈዋል። የሰው ንብረት በእጃቸው አልተበላሸም። አምላክ ድካማቸውን ቆጥሮ ነፍሳቸውን ብርድ በማይገባበት ቤት ያሳርፍልን፤ እኛንም አያለያየን።

የሚቀጥለውን የጨመርኩት አሁን፣ ወረቀቱ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል ነው። ጠዋት ለቤተሰቡ ሳነበው የልጄ ልጅ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ስጨርስ ተነሣች። ቀዩን ጨርቅ ከጀሪካኑ ፈትታ አመጣችና ጉልበቴ ላይ አኖረችው። ከዚያ «አባባ ሲጠይቀኝ አጠገቤ ነበርሽ» ብላ ከቤት ወጣች።